እውነት ወይስ ተረት? «አኩሪ አተር ከሌለ የሥጋ ዶሮ አያድግም»

የሥጋ ዶሮ ከሚያረባ ሰው ጋር ጥቂት ካወጉ ይህን መስማትዎ አይቀርም። አኩሪ አተር ሲወደድ ሥራው አበቃለት ይባላል። ዶሮዋ የምትፈልገው ግን አኩሪ አተርን ሳይሆን ፕሮቲን የሚሠራባቸውን አሚኖ አሲዶች፣ በተለይም ላይሲንና ሜቲዮኒን የሚባሉትን ነው። ከየትም ይምጡ፣ በልኩ ካገኘች ታድጋለች።

ታዲያ ወሬው ለምን አልሞት አለ? ሞክረው የከሰሩ ሰዎች ስላሉ ነው። አኩሪ አተሩን አውጥተው በኪሎ ልክ የኑግ ፋጉሎ ይተካሉ። ጫጩቶቹ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፤ ክብደት ግን አይጨምሩም። በስድስት ሳምንት ለገበያ መድረስ ሲገባቸው ላባቸው ተንጨፍሮ ቀጭጨው ይቀራሉ። ጎረቤትም «አላልኩህም?» ይላል። ጥፋቱ ግን የኑጉ ሳይሆን የስሌቱ ነው። ዘይቱ በደንብ የወጣለት የአኩሪ አተር ፋጉሎ ከ44 እስከ 48 በመቶ ፕሮቲን አለው። የኑጉ ፕሮቲን ከዚያ ያንሳል፤ ገለባው ስለሚበዛ የጫጩቷ ሆድ ሳትጠግብ ይሞላል፤ ላይሲንም ያጥረዋል። በሜቲዮኒን ግን ኑግ ይሻላል፣ አኩሪ አተር የሚጎድለውም እሱ ነው። ስለዚህ ሲደባለቁ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። የቀረው ላይሲን በዱቄት መልክ ተገዝቶ ይሞላል።

«ታዲያ ርካሹን ጥሬ አኩሪ አተር ፈጭቼ ብሰጥስ?» የሚሉም አሉ። አይሆንም። ጥሬው አኩሪ አተር ፕሮቲን ሆድ ውስጥ እንዳይፈጭ የሚከለክል ንጥረ ነገር አለው፤ በደንብ መቆላት አለበት።

ሌላው የፕሮቲን ምንጭ የዝንብ ትል ነው። «በትል ያደገ ዶሮ ሥጋው ቆሻሻ ነው» የሚለውም እንዲሁ ተረት ነው። ይህ የጸናው ዝንብ ሲባል ሽንት ቤት የምናያት የቤት ዝንብ ስለምትታወሰን ነው። ለመኖ የሚረባው ጥቁር ወታደር ዝንብ የሚባለው ዝርያ ነው። ትሉ የአትክልትና የፍራፍሬ ትራፊ በልቶ ይወፍራል፤ ከዚያ ደርቆና ተፈጭቶ ከመኖ ጋር ይቀላቀላል። ሲደርቅ 40 በመቶ ገደማ ፕሮቲን አለው። በምግብ ሕጉ ጥብቅ የሆነው የአውሮፓ ኅብረት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2021 የነፍሳት ፕሮቲን ለዶሮ መኖ እንዲውል ፈቅዷል። ደግሞስ የሐበሻ ዶሮ ቀኑን ሙሉ ጓሮ ስትጭር የምትለቅመው ምንድን ነው? እሷን ግን በበዓል ሰሞን ከፈረንጅ ዶሮ አስበልጠን እንገዛታለን። ጥንቃቄ የሚያሻው ትሉ በምን እንዳደገ ነው፤ በእዳሪና በፍግ ያደገውን አይንኩት።

እርስዎም መኖ መቀየር ካሰቡ፣ የሻገተ ፋጉሎ በርካሽ ቢያገኙም አይግዙ። አዲሱን ድብልቅ መጀመሪያ ለጥቂት ጫጩቶች ብቻ ይስጡና ከሌሎቹ ጋር በየሳምንቱ እየመዘኑ ያነጻጽሯቸው።