«ትኩሳት»፣ «ሙቀት» እና «ብርድ»፦ ስለ ሰውነት ሙቀት አጠባበቅ የሚያገለግሉ ሙያዊ ቃላት

የጤናና የስፖርት ጽሑፎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ፣ በሩጫ ጊዜ የሚጨምረው የሰውነት ሙቀት «ትኩሳት» ተብሎ የሚጻፍበት ጊዜ አለ። ቃሉ ለጆሮ የተለመደ ቢሆንም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያቀላቅላል፤ ጥፋቱም ከቃል አልፎ ሕይወትን የሚነካ ነው።

እንደሚታወቀው የጤነኛ ሰው የውስጥ አካል መጠነ ሙቀት በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይገኛል። ይህን ልክ የሚቈጣጠረው በአንጎል ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ ነው። ሰው ሲሮጥ ጡንቻዎቹ ከሚጠቀሙበት ኀይል ሦስት አራተኛ የሚያህለው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙቀቱ እንዲወጣ የቆዳ ደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ላብም ይመነጫል። ይሁን እንጂ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው የሚተን ላብ እንጂ የሚንጠባጠብ ላብ አይደለም። ስለዚህ ተርጓሚው «ማላብ»ን ከ«ላብ መትነን» መለየት ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በዶሃ የተካሄደው የሴቶች ማራቶን እኩለ ሌሊት ገደማ ቢጀመርም፣ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ፣ አየሩም እርጥበት የበዛበት ስለ ነበረ ከ68 ሯጮች 28ቱ ውድድሩን አቋርጠዋል። እርጥበት በበዛበት አየር ላብ እንደ ልብ አይተንምና።

በትኩሳት ጊዜ ግን ልኩን ከፍ የሚያደርገው አንጎል ራሱ ነው። ሕመምተኛው ሰውነቱ እየጋለ «ብርድ ብርድ አለኝ» ማለቱም ከዚሁ የተነሣ ነው። የሯጩ ልክ ግን አልተለወጠም፤ በሰውነቱ የሚመነጨው ሙቀት ከሚወጣው በለጠ እንጂ። ስለሆነም በሙቀት ለተመታ ሯጭ የትኩሳት ማስታገሻ መድኀኒት አይበጀውም፤ የሚያስፈልገው ሰውነቱን በቀዝቃዛ ውሃ ፈጥኖ ማቀዝቀዝ ነው። «ትኩሳት» የሚለውን ያነበበ አሠልጣኝ ወደ ውሃው ሳይሆን ወደ ክኒኑ ቢሄድ፣ በደሉ የተርጓሚው ነው።

በብርድ በኩልም ቋንቋችን ጠቃሚ ልዩነት አለው፤ «በረደው» ስሜትን፣ «ቀዘቀዘ» ሁኔታን ይገልጻል። በብርድ ጊዜ የቆዳ ደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ጡንቻዎችም በመንቀጥቀጥ ሙቀት ያመነጫሉ። የውስጥ አካል መጠነ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ አደጋ ይጀምራል፤ ወደ 32 ዲግሪና ከዚያ በታች ሲወርድ ደግሞ መንቀጥቀጡ ሊቆም ይችላል። በዚህ ጊዜ አደጋውን «ብርድ» ብሎ መጥራት ያሳስታል፤ የሚንቀጠቀጠው ሰው በርዶታል፤ መንቀጥቀጡን የተወው ግን ሰውነቱ ቀዝቅዟል።

ከዚህ በመነሣት የሚከተለውን እናቀርባለን፦ «ትኩሳት» ለሕመም ብቻ ይዋል፤ በእንቅስቃሴ ለሚመጣው «የሰውነት ሙቀት መጨመር»፣ ለከባዱ አደጋ «በሙቀት መመታት»፣ ለተቃራኒው ደግሞ «የሰውነት መቀዝቀዝ» ይባል። በቴርሞሜትር የሚለካው «መጠነ ሙቀት» እንጂ «ሙቀት» እንዳልሆነም ይታሰብ። ቃላቱ አዲስ አይደሉም፤ የጐደለው እያንዳንዱን በቦታው ማዋል ብቻ ነው።