ከድርጅት ስልክ ወደ አደጋ ጊዜ መስመሮች በቀጥታ መደወል፡ አሠሪዎች ሊያውቁት የሚገባ

በየካ ክፍለ ከተማ ከመገናኛ እስከ ኮተቤ ባሉ ፎቆችም ሆነ በእንጦጦ ግርጌ ባሉ ሰፋፊ ቅጥር ግቢዎች የሚሠሩ ሆቴሎች፣ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ብዙ የውስጥ ስልኮችን በጥቂት የውጭ መስመሮች የሚያገናኝ የስልክ ማዞሪያ ይጠቀማሉ። በማዞሪያው በኩል ወደ ውጭ ለመደወል አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ 9 ወይም 0 መጫን ያስፈልጋል።

በአዲስ አበባ የፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 እና የእሳት አደጋ 939 ጥሪ ቁጥሮች በሙሉ በ9 ይጀምራሉ። የውጭ መስመር መጠየቂያው 9 በሆነበት ማዞሪያ አንድ ሠራተኛ በቀጥታ 907 ቢደውል፣ ማዞሪያው የመጀመሪያውን 9 ለራሱ ወስዶ 07ን ብቻ ሊያስተላልፍ ይችላል። ጥሪውም ሳይደርስ ይቀራል።

ይህ ችግር በሌሎች አገሮች ሕይወት አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት ካሪ ሀንት የተባለች እናት በሆቴል ክፍል ውስጥ ጥቃት ሲደርስባት፣ የ9 ዓመት ልጇ 911 ደጋግማ ብትደውልም አስቀድሞ 9 መጫን እንደሚያስፈልግ ባለማወቋ ጥሪው አልደረሰም። እናትየዋም ሕይወቷ አለፈ። በስሟ የተሰየመውና እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሕግ፣ ከየካቲት 2020 ወዲህ የሚተከሉ የድርጅት ስልኮች ያለ ተጨማሪ ቁጥር በቀጥታ 911 የሚያስደውሉና የሕንፃውን ኃላፊ የሚያሳውቁ እንዲሆኑ ያስገድዳል።

በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኞችን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድና ስለ አደጋ መከላከያ ጥንቃቄ እንዲያሳውቃቸው ግዴታ ጥሎበታል። የስልክ ማዞሪያም ከዚህ ኃላፊነት አንጻር ሊታይ ይገባል።

በመሆኑም ተቋማት የሚከተሉትን ቢያሟሉ ተገቢ ነው፦

• ማዞሪያው 991፣ 907 እና 939ን ያለ ቅድመ ቁጥር፣ ለውጭ ጥሪ ከተዘጉ ስልኮች ጭምር እንዲያስተላልፍ በባለሙያ ማስተካከል፤

• ከውስጥ ስልክ የተደረገ ጥሪ የድርጅቱን ዋና ቁጥር ብቻ ሊያሳይ ስለሚችል፣ የክፍለ ከተማውን፣ የወረዳውን፣ የሕንፃውን፣ የፎቁንና የቢሮውን ቁጥር እንዲሁም በአካባቢው የሚታወቅ ምልክት በየስልኩ አጠገብ መለጠፍ፤

• ጥሪ ሲደረግ የጥበቃ ሠራተኛ በሩን ከፍቶ የዕርዳታ ሰጪዎችን መኪና የሚቀበልበትን አሠራር መዘርጋት፤

• በኢንተርኔት የሚሠሩ ስልኮች መብራት ሲቋረጥ ስለሚጠፉ መጠባበቂያ ኃይል ማዘጋጀት።

ማስተካከያው መሥራቱን ለማረጋገጥ ሙከራ ሲያስፈልግ አስቀድሞ ከአገልግሎት ሰጪው ተቋም ጋር መነጋገር ይገባል፤ ያለ ምክንያት የሚደረግ ጥሪ በእርግጥ ዕርዳታ የሚሻን ሰው መስመር ይይዛልና።