ምድር በየት በኩል ትሰነጠቃለች?

ግንድ ሲፈለጥ አይታችሁ ይሆናል። ልምድ ያለው ፈላጭ መጥረቢያውን አንሥቶ እንዳገኘ አይመታም። አስቀድሞ ግንዱን ያገላብጣል፤ የእንጨቱ ጭረት ወዴት እንደሚሄድ፣ ቅርንጫፍ የበቀለበት ጉጥ የት እንደሚገኝ፣ ፀሐይ የሰነጠቀችው ጫፍ የትኛው እንደ ሆነ ይመለከታል። ከዚያ በኋላ ሽብልቁን በአሮጌው ስንጥቅ ውስጥ አስገብቶ ይቀጠቅጠዋል። ግንዱም ጭረቱን ተከትሎ ይከፈላል። ስንጥቁ ጉጡ ዘንድ ሲደርስ ግን በቀላሉ አያልፍም፤ በአንደኛው ጎን ዞሮ ይሄዳል። የሚሰነጥቀው ኃይል ከፈላጩ ክንድ ይመጣል፤ ስንጥቁ የሚከተለውን መንገድ ግን በአብዛኛው የሚወስነው ዛፉ ሲያድግ የኖረበት ታሪክ ነው።

አህጉርም ሲሰነጠቅ የሚሆነው ከዚህ ብዙ አይርቅም። የምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ስለምን በዚህ በኩል እንጂ በዚያ በኩል እንዳልሄደ፣ ከሐይቆቹም አንዱ ጥልቅ ሌላው ጥልቀት የሌለው ስለምን እንደ ሆነ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው፣ ሸለቆው ከመፈጠሩ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዓመታት አስቀድሞ በዚያው ምድር ላይ ምን እንደ ተፈጸመ መጠየቅ ይኖርበታል።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። «ስምጥ» የሚለው ቃል «ሰመጠ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ከ«ፈለጠ» «ፍልጥ»፣ ከ«ቀለጠ» «ቅልጥ» እንደሚወጣ ማለት ነው። ስያሜው ለነገሩ የተስማማ ነው። የዓባይን ሸለቆ የቆፈረው ውሃ ነው፤ ወንዙ ዐለቱን እየሸረሸረ ወደ ታች ወረደ። ስምጥ ሸለቆን ግን የቆፈረው የለም። የምድር ቅርፊት ከሁለት ወገን ሲሳብ ይሳሳል፣ ይሰበራልም፤ በስብራቶቹ መካከል የሚገኘው ምድር ወደ ታች ይሰምጣል። ብዙውን ጊዜ አንደኛው ጎን ከሌላው ይበልጥ ስለሚሰምጥ ወለሉ እንደ ተዘነበለ ሳንቃ ይሆናል። በዝቅተኛው በኩል ውሃ ይጠራቀማል፤ ወንዞች ያመጡት ደለልና እሳተ ገሞራ የተፋው አመድ ይከማችበታል። የስምጥ ሸለቆ ተፋሰስ የሚባለው እንዲህ ያለው ጎድጓዳ ስፍራ ነው። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው እጅግ በዝግታ ነው። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ታላላቅ የምድር ክፍሎች፣ ጠበብት የኑቢያና የሶማሊያ ፕሌት የሚሏቸው፣ በዓመት ከ4 እስከ 6 ሚሊሜትር ያህል ይራራቃሉ። ጥፍራችሁ በወር ተኩል ውስጥ የሚያድገውን ያህል መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ጥንቱ እንመለስ። ከ650 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የዛሬው ምሥራቅ አፍሪካ አንድ ወጥ ምድር ሆኖ ተጠቃለለ። ከዚያ በፊት በመካከሉ ውቅያኖስ ነበረ። ውቅያኖሱ እየጠበበ ሄዶ ሲዘጋ በሁለቱ ዳርቻዎች የነበሩት ምድሮች ተጋጩ፤ ከግጭታቸውም የተነሣ ከዛሬው ሂማላያ ጋር የሚነጻጸር የተራራ ሰንሰለት ቆመ። ዝናብና ነፋስ ተራሮቹን ጠርገው ከጨረሱ ብዙ ዘመን ሆኗል። ሥራቸው ግን አልጠፋም። በትግራይ፣ በወለጋና በአዶላ የሚታዩት የተጣጠፉና የተጨመቁ ጥንታዊ ዐለቶች የዚያ ሥር ክፍሎች ናቸው፤ የአዶላ ወርቅም የሚወጣው ከእነዚሁ ዐለቶች ነው። የሥነ ምድር ጠበብት የዚህን ረጅም መስመር ደቡባዊ ክፍል የሞዛምቢክ መቀነት ብለው ይጠሩታል።

መቀነቱን ሁለት ጨርቆች እንደ ተጋጠሙበት ስፌት አድርጋችሁ አስቡት። ስፌቱ ጨርቆቹን አንድ ላይ ይዞ ለብዙ ዘመን ይኖራል፤ ልብሱ በኃይል ሲጎተት ግን መጀመሪያ የሚተረተረው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ ያሉ ዐለቶች በግጭቱ ጊዜ እንደ መጽሐፍ ቅጠሎች ተደራርበው ተጨምቀዋል፤ በመካከላቸውም አሮጌ ስብራቶች አሉ። ስለዚህ በጭረቱ አቅጣጫ ለመከፈል ብዙ ኃይል አይጠይቁም። ካናዳዊው ሊቅ ቱዞ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1966 የአትላንቲክ ውቅያኖስ ከዚያ ቀደም በተዘጋ በሌላ ውቅያኖስ ስፌት አጠገብ እንደ ተከፈተ ባስረዳ ጊዜ ይህ አስተሳሰብ በዓለም ዙሪያ ታወቀ።

የምሥራቅ አፍሪካው ማስረጃ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በታንዛንያ ነው። በዚያ ከ2.5 ቢሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው፣ ወደ ታችም እጅግ ወፍራም የሆነ፣ የቀዘቀዘና የጠነከረ የምድር ክፍል አለ፤ ክራቶን ይባላል። በግንዱ ምሳሌያችን ጉጡ እርሱ ነው። ከሰሜን የመጣው ስምጥ ሸለቆ ይህን ጉጥ ሊሰብረው አልቻለም። ስለዚህም በሁለት ተከፍሎ ዞረው፤ አንደኛው ክንድ በኬንያ በኩል በምሥራቅ፣ ሌላው በአልበርት፣ በኪቩና በታንጋኒካ ሐይቆች በኩል በምዕራብ አለፈ። ሁለቱም ክንዶች የሄዱት ክራቶኑን በከበቡት ጥንታዊ የተራራ መቀነቶች ላይ ነው። ማክኮኔል የተባለ የሥነ ምድር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1972 ይህን ግንኙነት በሰፊው አብራርቷል።

የሁለት ሐይቆች ጥልቀት ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። የቪክቶሪያ ሐይቅ ከአፍሪካ ሐይቆች ሁሉ ሰፊው ነው፤ ጥልቀቱ ግን ከ80 ሜትር ብዙም አያልፍም። የሚገኘው በሁለቱ ክንዶች መካከል፣ ባልተሰበረው ምድር ላይ ነውና። የታንጋኒካ ሐይቅ በአንጻሩ ጠባብና ረጅም ሲሆን 1,470 ሜትር ያህል ይጠልቃል። የተኛው በሰመጠው ተፋሰስ ውስጥ ነው፤ ደቡባዊ ክፍሉም ወደ 2 ቢሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለውን የኡቤንዴ መቀነት አቅጣጫ ይዞ ይሄዳል። በካርታ ላይ ሁለቱን ሐይቆች ጎን ለጎን ብትመለከቱ ቅርጻቸው ብቻ እንኳ ብዙ ይናገራል።

ወደ አገራችን ስንመጣ ታሪኩ ጥቂት ይወሳሰባል። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ የፈሰሰው ቅልጥ ዐለት አሮጌውን ምድር ሸፈነው፤ ውፍረቱ በአንዳንድ ስፍራ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ በስምጥ ሸለቆው መካከለኛ ክፍል ጥንታዊውን ስፌት በዓይን ማየት አይቻልም። መኖሩን የሚመሰክሩት የስብራቶቹ አቅጣጫዎች ናቸው።

በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ሁለት ዐይነት ስብራቶች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ታላላቆቹ የዳር ስብራቶች ናቸው፤ በሰሜኑ ክፍል ከ11 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ የተፈጠሩ ሲሆኑ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ያህል አዘንብለው ይሄዳሉ። ከአሰላ ቆማችሁ ወደ ዝዋይ ስትመለከቱ ከእግራችሁ በታች በደረጃ የሚወርደው ምድር የእነርሱ ሥራ ነው። ሁለተኞቹ በሸለቆው ወለል ላይ የሚገኙት ናቸው። ከ2 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ የተፈጠሩ፣ አጫጭርና ብዙ ሲሆኑ ፖል ሞር የወንጂ ስብራት መቀነት ብሎ ሰይሟቸዋል። እነዚህ ግን የዳሮቹን አቅጣጫ አይከተሉም፤ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ብቻ ያዘነብላሉ።

አንድ ሸለቆ ስለምን ሁለት አቅጣጫ ይኖረዋል? መልሱ ከአሸዋ ሳጥን ተገኘ። ጂያኮሞ ኮርቲ የተባለው ጣሊያናዊ ሊቅና ባልደረቦቹ በሳጥን ውስጥ አሸዋና ለስላሳ ቁስ ደራርበው፣ ከሥሩ አንድ ደካማ መስመር ሰያፍ አድርገው አስቀመጡ፤ ከዚያም ሳጥኑን ቀስ ብለው ሳቡት። በመጀመሪያ የተፈጠሩት ስብራቶች በሰያፉ ደካማ መስመር ዳርና ዳር ተሰለፉ። ስቡ ሲቀጥል ግን በመካከል አዳዲስ አጫጭር ስብራቶች ብቅ አሉ፤ እነዚህም ከተሳበበት አቅጣጫ ጋር ወደ ቀጤ ነክ ማዕዘን ይበልጥ የቀረቡ ነበሩ። እንግዲህ ታላላቆቹ ገደሎቻችን የጥንቱን ስፌት ሲታዘዙ፣ የወንጂ ስብራቶች ይበልጥ የሚታዘዙት የዛሬውን ስብ ነው ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ከዚህ የበለጠ ግልጽ ሆኖ የሁለት ዘመን ታሪክ በአንድ መልክዐ ምድር ላይ የተጻፈበት ስፍራ ጥቂት ነው።

ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄዱ ሌሎች አሮጌ መስመሮችም አሉ። ከመካከላቸው አንዱ ከየረር ተራራ ተነሥቶ በወለጋ እስከ ቱሉ ወለል ይዘልቃል፤ የወንጪ እሳተ ገሞራና የአምቦ ፍል ውሃ በዚሁ መስመር ላይ ይገኛሉ። ከጉራጌ ደጋ ወደ ስምጥ ሸለቆው የወረደ ሰው ገደሉ ምን ያህል ድንገተኛ እንደ ሆነ ያውቃል። ከአዲስ አበባ ወደ ሞጆ የሚሄድ መንገደኛ ግን ገደል ሳያይ፣ መሬቱ ቀስ በቀስ እየተንሸራተተ፣ ሳያውቀው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ይገኛል። ይህ የሆነው የሸለቆው ዳር ከአሮጌው መስመር ጋር ሲገናኝ ወደ ምዕራብ ገባ ስላለና ስለ ተበታተነ ነው።

ይሁን እንጂ አዲሱ ሁልጊዜ አሮጌውን ይታዘዛል ብላችሁ እንዳትደመድሙ። በቱርካና ሐይቅ አካባቢ ከዛሬው ስምጥ ሸለቆ በፊት፣ በዳይኖሰሮች ዘመን፣ አንዛ የሚባል ሌላ ስምጥ ሸለቆ ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ተዘርግቶ ነበር። ቅርፊቱን አሳስቶት ስላለፈ አዲሱ ስንጥቅ በዚያው ይገባል ብሎ መገመት ተገቢ ይመስላል። ነገር ግን የዛሬዎቹ ስብራቶች አሮጌውን ተፋሰስ አቋርጠው ባመዛኙ ከሰሜን ወደ ደቡብ ሄዱ። በኢትዮጵያም በኬንያም ከ100 ኪሎ ሜትር በታች ስፋት ያለው ሸለቆም በዚያ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ተዘርግቶ ተበተነ። ምክንያቱን ሊቃውንት ዛሬም ይከራከሩበታል። አንዳንዶቹ የሳሳው ምድር ከብዙ ዘመን በኋላ ቀዝቅዞ እንደ ገና ጠንክሯል ይላሉ።

የስብራቶቹን አቅጣጫ ማወቅ ለጠበብት ብቻ የሚጠቅም ነገር አይደለም። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በአፋር ምዕራባዊ ዳር፣ በካራቆሬ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈረሰ፤ ይህ ስፍራ የሚገኘው በአሮጌው የዳር ገደል ላይ ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ቅልጥ ዐለት ከምድር በታች እንደ ግድግዳ ሰርጾ ሲገባ፣ ለወራት የዘለቀ መንቀጥቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቀለ። ያ ግድግዳ የተዘረጋው በወንጂ ስብራቶች አቅጣጫ ነበር። አሮጌውም ዳር አዲሱም መካከል ገና አልተኙም፤ ትምህርት ቤት፣ ግድብ ወይም የባቡር ሐዲድ የሚሠራ መሐንዲስ ሁለቱንም በካርታው ላይ ማስፈር አለበት።

ይኸው ዕውቀት ጥቅምም ያመጣል። በላንጋኖና በዝዋይ ሐይቆች መካከል በሚገኘው በአሉቶ ተራራ፣ ከ300 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት ታላቅ ፍንዳታ የተራራውን አናት አስምጦት ነበር። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ለእንፋሎት ኃይል ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች በአካባቢው ተቆፈሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከተራራው ጎን፣ ከሰመጠው ክፍል ውጭ ስለ ነበሩ የሚፈለገውን ሙቀት አልሰጡም። ኋላ ግን ተራራውን ከደቡብ ወደ ሰሜን በሚያቋርጥ የወንጂ ስብራት ላይ ሲቆፈር ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ ተገኘ። እንፋሎቱ የሚወጣው በዚያ ስብራትና በጥንቱ ፍንዳታ በተተወው የቀለበት ስንጥቅ በኩል ነው። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የከርሰ ምድር እንፋሎት ኤሌክትሪክ ማመንጫ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሥራ የጀመረው በእነዚህ ጉድጓዶች ነበር።