ዋናው የሒሳብ መዝገብ ወደ ክላውድ ሲዛወር ነጋዴው አስቀድሞ ሊወስናቸው የሚገቡ አራት ነገሮች

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት በ19ኛው መቶ ዘመን፣ ከከተማይቱ በታች በምትገኘው በአልዩ አምባ ገበያ አሞሌ ጨውና የማርያ ቴሬዛ ብር አንድ ላይ ይሠራባቸው ነበር። የአሞሌው ዋጋ በብሩ አንጻር ከፍና ዝቅ ይል ስለ ነበር፣ ትርፉን በትክክል ለማወቅ የፈለገ ነጋዴ ከሁሉ አስቀድሞ በየትኛው እንደሚቈጥር መወሰን ነበረበት። ዛሬም ሒሳቡን በክላውድ ፕሮግራም ለመያዝ የተነሣ ነጋዴ ይህንኑ ጥያቄ ከሌሎች ሦስት ጋር ያገኘዋል።

ክላውድ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም በሱቁ ኮምፒዩተር ላይ የሚጫን ሳይሆን፣ በሩቅ ስፍራ ባሉ ታላላቅ ኮምፒዩተሮች ላይ ተቀምጦ በኢንተርኔት የሚሠራበት፣ ክፍያውም በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚፈጸም ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው። በደብረ ብርሃን ያለው ባለቤት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በአንኮበር ቅርንጫፉ የተሸጠውን በዚያው ቀን ያያል፤ በ130 ኪሎ ሜትር ርቀት በአዲስ አበባ ያለው የሒሳብ ዐዋቂም መዝገቡን ከቢሮው ሳይወጣ ይመረምራል። ይሁን እንጂ ዋናው መዝገብ የሚቆምበት መሠረት ከመጀመሪያው ቫውቸር በፊት ካልተስተካከለ፣ በኋላ ማረም እጅግ አድካሚ ነው፤ አንዳንዱን ነገር ፕሮግራሙ ራሱ እንዲለወጥ አይፈቅድም።

አንደኛው ውሳኔ መዝገቡ የማን እንደ ሆነ መለየት ነው። አንድ ሰው በስሙ የእህል መደብር፣ ከቤተሰቡም ጋር ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አለው እንበል። ባለቤቱ አንድ ቢመስልም በሕግ ፊት ሁለት ግብር ከፋዮች ናቸው፤ ስለዚህ ሁለት መዝገብ ያስፈልጋቸዋል። በአንጻሩ የማኅበሩ የአንኮበር ሱቅ ቅርንጫፍ እንጂ ሌላ ድርጅት አይደለም፤ በማኅበሩ መዝገብ ውስጥ የራሱ መለያ ይበቃዋል። ሁለቱን ማደባለቅ የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። መዝገቡ ተቀባይነት ካጣ ግብሩ በግምት ሊወሰን ይችላል፤ ለብድር የሚቀርበውም ሒሳብ በባንክ ዘንድ አይታመንም።

ሁለተኛው የሒሳብ መለያ ቍጥሮች አሰጣጥ ነው። ብዙዎች «የደብረ ብርሃን ኪራይ»፣ «የአንኮበር ኪራይ» እያሉ ለየቅርንጫፉ ሒሳብ ይከፍታሉ። በዚህ መንገድ 40 ሒሳብና 3 ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት 120 መለያ ይሸከማል። የተሻለው መንገድ መለያውን በክፍል በክፍል መሥራት ነው። ለምሳሌ 01-20-5100 ቢባል፣ 01 ድርጅቱን፣ 20 የአንኮበርን ቅርንጫፍ፣ 5100 የኪራይ ወጪን ያመለክታል። እንዲህ ሲሆን 40 ሒሳብና 3 የቅርንጫፍ ቍጥር ብቻ ይበቃሉ፤ አራተኛ ሱቅ ቢከፈትም የሚጨመረው አንድ ቍጥር ነው። በቍጥሮቹ መካከል ለወደፊቱ ባዶ ስፍራ መተው፣ በግዢ የተከፈለውንና ከሽያጭ የተሰበሰበውን የ15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስም በየራሱ ሒሳብ መለየት ይገባል።

ሦስተኛው የሒሳብ ዘመን ነው፤ የእኛ አገር ነጋዴ ብዙ የሚቸገረውም በዚህ ነው። ሐምሌ 1 ቀን በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጁላይ 8 ነው፤ በውጭ አገር የተሠራው ፕሮግራም ግን ወሩን ሁሉ ከ1 ይጀምራል። ነጋዴው ፕሮግራሙን ከመከራየቱ በፊት የየወሩን መጀመሪያና መጨረሻ ቀን ራሱ ለመወሰን ይችል እንደ ሆነ መጠየቅ አለበት። ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ሲያያዝ ያ ወር 35 ቀን፣ ጳጉሜን 6 በሚሆንበት ዓመት ደግሞ 36 ቀን ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት እስከ የካቲት ድረስ በአውሮፓውያኑ ቀን በአንድ ቀን ስለሚገፉ፣ ያለፈውን ዓመት ሠንጠረዥ እንዳለ መገልበጥ ስሕተት ያመጣል።

አራተኛው ገንዘቡ ነው። የመዝገቡ መሠረት ብር ይሆናል፤ አስመጪ ግን ዕዳው በዶላር ነው። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ጉዳይ ከፍ ያለ ትኩረት ይሻል። በ57 ብር ሒሳብ የተመዘገበ የ10,000 ዶላር ዕዳ 570,000 ብር ነው፤ ሳይከፈል ምንዛሪው 100 ብር ቢደርስ 1,000,000 ብር ይሆናል። ይህ የ430,000 ብር ልዩነት የሚገባበት የምንዛሪ ልዩነት ሒሳብ ከመጀመሪያው ካልተከፈተ፣ ያልተገኘ ትርፍ የተገኘ ይመስላል።

የሒሳብ መዝገብ መያዝ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ነጋዴው የታዘዘበት ግዴታ ነበረ፤ እርሱን በተካው በአዋጅ ቍጥር 1243/2013ም ጸንቷል። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቍጥር 847/2006 ደግሞ ሪፖርት አቅራቢ ድርጅቶች ዓለም አቀፍ የሒሳብ አያያዝ ደረጃዎችን እንዲከተሉ አዝዟል። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 983/2008 ሰነዶች በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ተይዘው በኢትዮጵያ ውስጥ እንዲቀመጡ ስለሚያዝ፣ በክላውድ የሚሠራ ነጋዴ በየወሩ መጨረሻ መዝገቡን አትሞ ወይም ገልብጦ በእጁ ማስቀመጥ ይጠበቅበታል። ይህ ቅጂ መብራት ወይም ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜም ይጠቅማል።

እንግዲህ ወደዚህ አሠራር ለመግባት ያሰበ ነጋዴ አራቱን ውሳኔዎች ከሒሳብ ዐዋቂው ጋር ተማክሮ በወረቀት ላይ ይጻፍ። ቫውቸር የሚያስገባውና የሚያጸድቀው ሰው የተለያዩ እንዲሆኑ ያድርግ። ቀጥሎም ያለፈውን ሰኔ 30 ቀን መዝጊያ ሒሳብ አስገብቶ፣ የአንድ ወር ሥራ በአሮጌውና በአዲሱ መዝገብ ጎን ለጎን ይያዝ። ሁለቱ እስከ ሳንቲም ከተስማሙ አሮጌውን ሊዘጋ ይችላል፤ ካልተስማሙ ግን የልዩነቱ ምክንያት ሳይታወቅ አይዝጋው።