1800 ሰዓት ከመርዝ ጋር

ከአንድ ሰው ሽንት ሞርፊን ተገኘ እንበል። መሣሪያው ስሙንም መጠኑንም አውጥቷል። ሰውየው ግን ሄሮይን ወስዶ ነው? ሐኪም ያዘዘለትን ኮዴን ውጦ ነው? ወይስ የፓፒ ፍሬ የተነሰነሰበት ዳቦ በልቶ? ሦስቱም ሽንት ውስጥ ሞርፊን ይተዋሉ። የሄሮይንን ዱካ የሚያጋልጠው 6-ሞኖአሴቲልሞርፊን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው፤ እሱ ደግሞ ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጣ ናሙናው ከዘገየ ላይገኝ ይችላል። አናሊቲካል ቶክሲኮሎጂ መርዝን፣ መድኃኒትንና አደንዛዥ ዕፅን ከደም፣ ከሽንት፣ ከፀጉር ወይም ከጉበት ለይቶ የሚያወጣ፣ የሚለካ፣ ከዚያም የቁጥሩን ትርጉም የሚናገር ሙያ ነው። ከባዱ የመጨረሻው ነው።

በብሪታንያ ይህን ሙያ ከሥራ ገበታቸው ሳይነሡ በማስተርስ ደረጃ የሚማሩ አሉ፤ አዲስ አበባ ላይ ኤክስቴንሽን እንደሚባለው ዓይነት ነው። የአገሪቱ ማስተርስ 180 ክሬዲት ሲሆን አንዱ ክሬዲት 10 የጥናት ሰዓት ተብሎ ይሰላል። በድምሩ 1800 ሰዓት። በሁለት ዓመት ሲከፋፈል በየሳምንቱ 17 ሰዓት ያህል ይደርሳል፤ ከሙሉ ቀን ሥራ በኋላ፣ ከእንቅልፍና ከልጆች ጋር እየተሻሙ የሚያገኙት 17 ሰዓት።

ይሁንና ሥራውና ትምህርቱ ይመጋገባሉ። የላቦራቶሪ ባለሙያ ለአልኮል ምርመራ የሚቀዳ ደም ግራጫ ክዳን ባለው ቲዩብ መግባት እንዳለበት ከመጀመሪያው ሳምንት ያውቃል። ምክንያቱ ጥርት ብሎ የሚገባው ግን ብዙ ጊዜ ክፍል ውስጥ ነው፦ ቲዩቡ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ተህዋሲያን ከደሙ ስኳር አልኮል እንዳያመርቱ ይገታል። ያለ እሱ፣ አንዲት ጠብታ ያልቀመሰ ሟች ጠጥቶ ሞተ ሊባል ይችላል። የአስከሬን ደም ከልብ ይልቅ ከጭን ደም ሥር እንዲቀዳ የሚመረጠውም በዋዛ አይደለም። ሰው ከሞተ በኋላ እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉ መድኃኒቶች ከጉበትና ከሳንባ እየለቀቁ ወደ ልብ ደም ይገባሉ። መድኃኒቱን በታዘዘለት መጠን ሲወስድ የኖረውን ሰው ሆን ብሎ ራሱን ያጠፋ ያስመስሉታል። እዚህ ላይ የሚፈጸም ስህተት የቤተሰቡን ሐዘን እጥፍ ያደርገዋል።

የሙያው ሥር ረጅም ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1850 ቤልጂየም ውስጥ ጉስታቭ ፉኚ የተባለ ሰው በእህቱ ባል በኮንት ቦካርሜ ቤት ሞተ። በዚያ ዘመን አርሴኒክን ከአስከሬን ማውጣት ይቻል ነበር፤ የዕፅዋትን መርዝ ግን ማንም አልቻለም። ኬሚስቱ ዣን ስታስ የሟቹን የሰውነት ክፍሎች በአልኮልና በአሲድ ዘፍዝፎ፣ አጣርቶ፣ ፈሳሹን ወደ አልካሊነት ለውጦ በኢተር ሲያጥበው ኒኮቲን ወጣ። ቦካርሜ በ1851 በሞት ተቀጣ። ናሙናውን ከአሲድነት ወደ አልካሊነት እየቀየሩ መርዙን ከውኃ ወደ ሌላ ፈሳሽ የማሸሽ ዘዴ ዛሬም የሚማሩት ነው። ልዩነቱ የወጣው ነገር አሁን ማስ ስፔክትሮሜትር ውስጥ መግባቱ ነው፤ መሣሪያው ሞለኪዩሎቹን ሰባብሮ በስብርባሪያቸው ክብደት ይለያቸዋል።

የውጤቱን ትርጉም መናገር ለምን እንደሚከብድ ለማሳየት ለኢትዮጵያውያን ቅርብ የሆነው ምሳሌ ጫት ነው፤ በብሪታንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2014 ጀምሮ የተከለከለ ዕፅ ነው። ቃሚ ጫት በኮባ ተጠቅልሎ በትኩሱ እንዲደርሰው የሚፈልገው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ወደ ደከመ ካቲን ይለወጣል። ሰውነትም ካቲኖንን በአብዛኛው ወደ ኖርኤፌድሪን ይቀይረዋል። ኖርኤፌድሪን ደግሞ ለጉንፋን መድኃኒትነት ሲያገለግል የኖረ ነው። ስለዚህ ሽንት ውስጥ እሱን ብቻ አግኝቶ «ጫት ቅሟል» ብሎ መፈረም አይቻልም፤ አብረውት የተገኙት ሌሎቹ መታየት አለባቸው።

ካቲኖን ተቀድቶ በተቀመጠ ደም ውስጥም ይፈርሳል። ትምህርቱን የሚዘጋው የምርምር ሥራ ሠራተኛውን ተማሪ የሚጠቅመው በእንዲህ ያለው ጥያቄ ነው፦ ናሙናው ጠረጴዛ ላይ፣ ፍሪጅ ውስጥና በረዶ ቤት ስንት ቀን ይቆያል? መልሱን ለማግኘት መጠኑ የታወቀ ካቲኖን ደም ውስጥ ይጨመርና ለሦስቱም ቦታ ይከፋፈላል፤ ከዚያ በተወሰኑ ቀናት እየወጣ ይለካል። የመለኪያው ቀን ቅዳሜ ከዋለ ተማሪው ቅዳሜም ላቦራቶሪ ይገባል።