ዩራኒየም፣ ውኃና ኩላሊት

ዩራኒየም ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ቦምብ ያመራል። በመካነ ኢየሱስ ከተማ የምንጭ ውኃ የሚጠጣ ተማሪ ከዚህ ንጥረ ነገር ጋር ምን ያገናኘዋል? የሚያገናኘው አለ፤ ዩራኒየም በጥቂቱም ቢሆን በየአለቱና በአብዛኛው ውኃ ውስጥ ይገኛልና።

በቅድሚያ አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። ዩራኒየም ጨረራ አመንጪ ነው፤ ሆኖም የዋናው ዓይነት፣ የዩራኒየም-238፣ ግማሽ ዕድሜ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ያህል ስለሆነ ጨረራውን የሚለቀው እጅግ በዝግታ ነው። በመጠጥ ውኃ ሲገባ ቀድሞ የሚያሰጋው እንደ እርሳስ ሁሉ ኬሚካዊ መርዝነቱ ነው። (የማዕድን ቆፋሪዎች የሳንባ ካንሰር በአመዛኙ የሚመጣው ራዶን ከተባለው ጋዝ ነው፤ እርሱ ሌላ ታሪክ ነው።)

ከምንጠጣው ዩራኒየም ወደ ደም የሚያልፈው ከመቶ 1 ወይም 2 እጅ ያህል ነው፤ ሌላው ከሰገራ ጋር ይወጣል። በደም ውስጥ ዩራኒል የተባለው አዮን ከባይካርቦኔት ጋር ተጣምሮ እስከ ኩላሊት ይጓዛል። በኩላሊት ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ሽንት አሲድነት ሲያገኝ ግን ጥምረቱ ይፈርስና ዩራኒሉ ከቱቦው ሕዋሳት ጋር ይጣበቃል። የተጎዱት ሕዋሳት ወደ ደም ሊመልሱት የሚገባውን ስኳርና ፕሮቲን መመለስ ይሳናቸዋል፤ እነዚህም በሽንት ይወጣሉ። ጥቂቱ ደግሞ የካልሲየምን ቦታ ይዞ በአጥንት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል።

በአገራችን ከፍ ያለ ዩራኒየም የተገኘው በስምጥ ሸለቆ አንዳንድ የውኃ ጉድጓዶች ነው። በዚያ ራዮላይት የተባለው እሳተ ገሞራ ወለድ አለት ይበዛል፤ ውኃውም በባይካርቦኔት የበለጸገ ነው። በደማችን ውስጥ ዩራኒየምን የሚሸከመው ውሕድ በዚያም ከአለቱ አሟሙቶ ያወጣዋል ማለት ነው። ፍሎራይድ ጥርስን በማበለዝ ራሱን ያጋልጣል፤ ዩራኒየም ግን ቀለምም ጣዕምም አይሰጥም።

የእስቴ ምድር በአብዛኛው ባዛልት ነው፤ ባዛልት ደግሞ ከራዮላይት ይልቅ በዩራኒየም ድሃ ነው። ስለዚህ ከጉና ተራራ ግርጌ የሚፈልቁ ምንጮች አነስተኛ መጠን እንዲኖራቸው እንጠብቃለን። ይህ ግምት ነው፤ ልኬትን አይተካም።

የዓለም ጤና ድርጅት መነሻ መጠን እ.ኤ.አ. በ1998 በሊትር 2 ማይክሮግራም ነበር፤ በ2004 ወደ 15፣ በ2011 ወደ 30 ከፍ ብሏል። ገደቡ የተመሠረተው በኬሚካዊ መርዝነቱ ላይ ነው። ውኃን ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ዩራኒየምን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውኃው በተነነ መጠን የቀረው ይወፍራል።