አሮጌ ሞተር ሳይክል ነፍስ ሲዘራ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ አበው። በየዓመቱ ከደርባን ተነሥተው ዳገቱን እያቃሰቱ ወጥተው ጆሃንስበርግ አካባቢ የሚደርሱትን አሮጌ ሞተር ሳይክሎች ያየ ሰው የአባባሉን እውነትነት ይመሰክራል።

«ዲጄ» የሚባለው ይህ ጉዞ ስሙን ያገኘው ከሁለቱ ከተሞች የመጀመሪያ ፊደላት ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1913 የተጀመረ የፍጥነት ውድድር ሲሆን፣ በሕዝብ መንገድ ላይ መሽቀዳደም ስለተከለከለ በ1936 ቆመ። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ግን የመታሰቢያ ጉዞ ሆኖ ተመልሷል። የሚሳተፉት እስከ 1936 መጨረሻ የተሠሩ ሞተር ሳይክሎች ብቻ ናቸው። አሸናፊውም የተመደበለትን ሰዓት የጠበቀ እንጂ የፈጠነ አይደለም።

1936 ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሌላ ትዝታ አለው፤ የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ የገባበት ዓመት ነው። የዚያ ዘመን ብረት ዛሬም የሚሄደው በተአምር አይደለም። እሁዱን በጓሮው፣ እጁን በግራሶ ነክሮ የሚያሳልፍ ሰው ስላለ ነው።

«ይህ ጉዳይ የጄፒን ነጋዴ፣ በየሎኬሽኑ ዱቤ ሲያዞር የሚውለውን ወገናችንን ምን ያገባዋል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ ቀላል ነው። ሳምንቱን ሙሉ በመጋረጃና በብርድ ልብስ ክምር መካከል ተቀምጦ፣ አንድ ዓይኑ ገበያ፣ አንድ ዓይኑ ዘራፊ ሲጠብቅ የሚውል ሰው እረፍት ሲያገኝ የሚሄድበት ጥቂት ነው። ከጸሎት ቤት ምግብ ቤት፣ ከምግብ ቤት ጫትና ካርታ። ጭንቀቱ ግን አብሮት ይገባል፣ አብሮት ይወጣል። እጅን የሚያሠራ፣ ሐሳብን የሚሰበስብ ሥራ ለእንዲህ ያለ ሰው መድኃኒት ነው።

ደግሞም ሙያው ለእኛ እንግዳ አይደለም። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ የሚሉት ቃላት ከጣልያንኛ መጥተው በየጋራዡ አማርኛ ሆነው ቀርተዋል። በ1946 ጣልያን አገር በ98 ሲሲ ሞተር የተወለደችው ቬስፓ እንኳ ዘመዳችን ናት። የህንዱ ባጃጅ ኩባንያ ቬስፓንና ባለሦስት እግር ወንድሟን በፈቃድ ሲሠራ ቆይቶ ነው ዛሬ በየከተማችን የሚርመሰመሰውን «ባጃጅ» የሰጠን።

ለጀማሪ ትንሽ ሞተር ይመረጣል፤ ክብደቱ ለአንድ ሰው አይከብድም፣ ሥሪቱም ቀላል ነው። በ1958 በ49 ሲሲ የወጣችው ሆንዳ ከብ ጥሩ ምሳሌ ናት። እስከ 2017 ድረስ የዚህ ዓይነት ሞተር ሳይክል ከ100 ሚሊዮን በላይ ስለተመረተ መለዋወጫው ብዙ አያስቸግርም።

ሥራው የሚጀመረው በትዕግሥት ነው። ለዓመታት የቆመን ሞተር በችኮላ መርገጥ ፒስቶኑንና ሲሊንደሩን ማፋጀት ነው። ካንዴላው ይውጣ፣ በቀዳዳው ጥቂት ዘይት ይግባና ይደር። በማግስቱ በዝግታ ይሞከር። ከዚያ የካንዴላው እሳት ይታይ፤ ከሌለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቆሸሸ ፑንቲና ነው። ያረጀ ቤንዚን ሙጫ ሆኖ ስለሚቀር ካርቡራተሩ ተፈትቶ ይታጠብ፣ የነዳጅ ታንኩ ዝገትም ይጽዳ። የፍሬን ሸራ ብናኝ በአፍ አይነፋ፤ በድሮ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ስላለ ሳንባ ይጎዳልና በውኃ ይርጠብ።

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር የከፍታ ጉዳይ ነው። ጆሃንስበርግ ከባሕር ጠለል 1,750 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 ከመቶ ያህል ያጣል። ለደርባን የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ነዳጅ ያበዛል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። መፍትሔው ነዳጅ የሚያሳልፈውን ጄት በጠበበ መተካት ነው። የዲጄ ተጓዦችም ዳገቱን ሲወጡ የሚፈትናቸው ይኸው ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ጥንቃቄ የሚሻው ወረቀቱ ነው። ርካሽ ነው ተብሎ ያለ መዝገብ ወረቀት የተገዛ ሞተር ሳይክል መዘዝ ያመጣል። በደቡብ አፍሪካ ሕግ ተሰርቋል ተብሎ የሚጠረጠር ዕቃ ይዞ የተገኘና አጥጋቢ መልስ መስጠት ያልቻለ ሰው ይከሰሳል። በጥገኝነት ወረቀት ለሚኖር ወገን እንዲህ ያለ ክስ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት የሻሲውና የሞተሩ ቁጥር ከመዝገብ ወረቀቱ ጋር ይመሳከር፤ የሻጩ ስምም በወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑ ይረጋገጥ። የባለቤትነት ዝውውሩ በ21 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። የአገሩ መታወቂያ የሌለው የውጭ ዜጋ ለዚህ የትራፊክ መዝገብ ቁጥር ያስፈልገዋል። እስከ 125 ሲሲ ለሆነ ሞተር ደግሞ «ኤ አንድ» የሚባለው መንጃ ፈቃድ አለ።

ጉዳዩን ከመጀመሩ በፊት ዓይኑን ማለማመድ የሚፈልግ፣ በላ ሮሼል ፓይነርስ ፓርክ ውስጥ የሚገኘውን፣ በ1964 የተቋቋመውን የጄምስ ሆል የትራንስፖርት ሙዚየም ልጆቹን ይዞ ይጎብኝ። እዚህ አገር ተወልዶ አማርኛው የሚከብደው ልጅ ከአባቱ ጋር አንድ ካንዴላ ሲፈታ ቢውል፣ ቃሉንም ሙያውንም አብሮ ይማራል። ሞተሩ ባይነሣ እንኳ አባትና ልጅ አንድ እሁድ ሲነጋገሩ ውለዋል። ይህ ደግሞ በስደት ቤት ትንሽ ትርፍ አይደለም።